የቱሉ ዲምቱ ማማና የሮቤ ሌሊት




ከጎባ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ የሳነቴን አምባ ሲያቋርጥ፣ ከዋናው ጎዳና ተገንጥላ ወደ ላይ የምትጠማዘዝ አንዲት መንገድ ትገኛለች። የምታደርሰውም ከባሕር ወለል በላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ ነው። እዚያ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ዛፍ የሚባል ነገር የለም፤ በጅብራውና በድንጋዩ መካከል ፍልፈል አድፍጦ የሚጠብቅ ቀይ ቀበሮ ያየ ሰው ዕድለኛ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ወደዚያ የሚወጣው እንግዳ፣ ጫፉ ላይ ደርሶ ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲዘጋጅ በቅድሚያ የሚያጋጥመው የመገናኛ ማማ ነው። ብዙዎች ይህንን እንደ ነውር ይቆጥሩታል። መሐንዲስ ግን ወዲያው ይገባዋል። የእጅ ስልክ የሚጠቀምበት ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ በመሆኑ ተራራ በመንገዱ ከቆመበት ከበስተኋላው ጥላ ይጥላል። ስለሆነም ሸለቆና ገደል በበዛበት አገር ሞገድን ከፍ ካለ ሥፍራ መልቀቅ የሙያው ሀሁ ነው።

ዛሬ የሚቀርበው ንግግር ስለ ማማው አሠራር አይደለም፤ ማማው ስለሚያደርሰው ነገርና ስለሚደርስበት ወጣት ነው። ይህ ርእሰ ጉዳይ የመሐንዲሶች ሳይሆን የሐኪሞችና የመምህራን ጉዳይ ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ይገመታል። ተቃውሞው ለምን እንደማይጸና ወደ ኋላ ላይ ይታያል።

እንደሚታወቀው ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል በተቆጣጣሪ ጓዳና በፖስታ ቤት ቆጣሪ ዙሪያ ሲውል ቆይቶ፣ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት፣ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመሩ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጨመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ ወደ ገበያው ገባ። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥር ከ80 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ቀደም ሲል ስልክ ለመደወል ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ይሄድ ነበር፤ አሁን ስልኩ ራሱ በገበሬው ኪስ ገብቶ ወደ ማሳው ወርዷል።

የባሌ ደጋ ይህንን ለውጥ የተቀበለው በራሱ መልክ ነው። የቀድሞው ክፍለ ሀገር ርእሰ ከተማ ጎባና የዛሬዋ የዞኑ ርእሰ ከተማ ሮቤ ከ14 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ የተያያዙ እኅትማማች ከተሞች ናቸው። በዙሪያቸው ያለው ምድር የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ በገናና በቦና ሁለት ጊዜ ይመረታል፤ ኮምባይነሩ ከሲናና ወደ አጋርፋ፣ ከአጋርፋ ወደ ጋሠራ ሲዘዋወር ባለቤቱን ከገበሬው የሚያገናኘው ስልክ ነው። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በሮቤ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ተጨምረዋል። ቤተ ሙከራ በሌለበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ የአሲድና የቤዝን ውሕደት በቪዲዮ ያያል፤ ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ በቴሌግራም ጥያቄ ይለዋወጣል፤ በዲንሾና በጎባ አስጎብኚ የሆነ ወጣት ከአውሮፓ የሚመጣ እንግዳ ይቀጥራል። ይህ ሁሉ ትርፍ ነው፤ ትርፍ አይደለም የሚል ሰው የቀድሞውን ጊዜ ወይ አያውቀውም ወይ ረስቶታል። (ሬዲዮ በየቤቱ በገባበት ዘመንም ወጣቱ ጠፋ ያሉ አዛውንቶች ነበሩ፤ ያው ሬዲዮ በኋላ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ረዳት ሆነ።)

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ጉዳቱ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ መሐንዲስ ልማዱ ስለሆነ መለኪያውን አስቀድሞ ይመረምራል፤ መርምሮም ይደነግጣል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከመቶ 85ቱ የኢንተርኔት ሱሰኞች ናቸው የሚል ውጤት አስገኝቷል። ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ የተባሉት ሁሉ ባንድነት ተደምረው የተገኘ ቁጥር ነው። ከመቶ 85 ተሽከርካሪዎችን ከልክ በላይ የጫኑ ናቸው ብሎ የሚያሳይ ሚዛን በመንገድ ዳር ቢገኝ፣ ሾፌሮቹ ከመከሰሳቸው በፊት ሚዛኑ ራሱ ይፈተሻል። በአንጻሩ ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ወጣቶችን መረጃ መርምረው፣ በወጣቶች ደኅንነት ላይ ከሚታየው ልዩነት በዲጂታል መሣሪያ አጠቃቀም ሊገለጽ የሚችለው ቢበዛ ከመቶ 0.4 ብቻ ነው ብለዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በአሜሪካ 2,743 የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መልምለው፣ ከእነርሱ ከፊሎቹ እየተከፈላቸው ለአራት ሳምንት ፌስቡክን እንዲተዉ አደረጉ። የተዉት ሰዎች በመጠኑ ደስተኞች ሆኑ፤ ስለ አገራቸው ወሬ ያላቸው ዕውቀት ግን ቀነሰ። (ቁጥሩ ለጎባ ከተማ ከፍታ በሜትር ከሚሰጠው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ የባሌ ሰው ግን አይረሳውም።)

ከእነዚህ ጥናቶች ተነሥቶ ጉዳቱ ኢምንት ነው ለማለት የሚቸኩል ይኖራል። ይሁን እንጂ በሻያ ወንዝ ላይ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ የዓመቱን አማካይ ፍሰት ወስዶ ምሰሶ አያቆምም። የሚያሰላው በብዙ ዓመት አንዴ ለሚመጣው ደራሽ ነው፤ ድልድይ የሚወሰደው በአማካይ ቀን አይደለምና። ስለ ወጣቶችም እንዲሁ ነው። ለብዙዎቹ ስልክ ምንም አላደረገ ይሆናል፤ ጥያቄው ደራሹ የሚመጣው በማን ላይ ነው፣ በየትኛውስ ሰዓት ነው የሚለው ነው።

ለአብነት ያህል፣ ከጋሠራ ገጠር መጥታ በሮቤ ቤት ተከራይታ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርቷን የምትከታተል ልጅ ትታሰብ። እንዲህ ያሉ ተማሪዎች በከተማው ብዙ ናቸው። ሁለትና ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቃቸው ከቤተሰብ ይላክላቸዋል፤ ሌሊቱ ውርጭ በሆነ ጊዜ ባንድ ብርድ ልብስ ይጠቃለላሉ። ስልኩ ለዚህች ልጅ ቅንጦት አይደለም። እናቷ «በላሽ ወይ?» ብላ የምትጠይቃት በእርሱ ነው፤ የቤት ኪራዩ የሚላክላት በእርሱ ነው፤ የፊዚክስ ማስታወሻ የምታገኘው በእርሱ ነው። ነገር ግን በዚያች ክፍል «በቃ፣ መብራቱን አጥፊና ተኚ» የሚላት ታላቅ ሰው የለም።

ይህች ልጅ የኢንተርኔት ጥቅል የምትገዛው በቀን አይደለም፤ በቀን ውድ ነው። የቴሌኮም ድርጅቶች ሌሊት ብቻ የሚያገለግል ጥቅል ይሸጣሉ፤ ዋጋውም ከቀኑ እጅግ የረከሰ ነው። ጥቂት ብር ያላት ተማሪ በቀን ጥቂት ደቂቃ ከማየት ሌሊቱን ሙሉ ማየትን ብትመርጥ አላዋቂ አትባልም፤ እንዲያውም ሒሳብ ዐዋቂ ናት። በመጀመሪያ ማስታወሻዋን ታወርዳለች። ማስታወሻው በሩብ ሰዓት ያልቃል። የተከፈለበት ሌሊት ግን ገና አላለቀም፤ ገንዘብ የተከፈለበትን ነገር ትቶ መተኛት ደግሞ ለድኻ ልጅ ማባከን ነው። ስለዚህ ትቀጥላለች።

የሌሊቱ ዋጋ ለምን ረከሰ? መልሱ ከዚህ ጉባኤ ተሳታፊዎች ለማንም አይሰወርም። የመገናኛ አውታር የሚገነባው ሰው በሚበዛበት ሰዓት ያለውን ጭነት እንዲችል ተደርጎ ነው። ማማው፣ ባትሪው፣ የማስተላለፊያው መስመር፣ ሁሉም በዚያ ሰዓት ልክ ተገዝተዋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ይህ ሁሉ ንብረት ሥራ ፈትቶ ይቆማል። የቆመ ንብረት ኪሳራ ነው። ስለዚህ ዋጋን በሌሊት ዝቅ በማድረግ ከቀኑ ጭነት ከፊሉን ወደ ሌሊት ማዛወር፣ በኤሌክትሪክ ኀይል ሥራም እንደሚደረገው፣ በምህንድስና ትምህርት ቤት የሚያስመሰግን መፍትሔ ነው። የጭነቱን ኮረብታ ቆርጦ ሸለቆውን መሙላት ይባላል። በዚህ ውሳኔ ውስጥ ክፋት የለበትም፤ ስሌቱም ትክክል ነው። ስሌቱ ውስጥ ያልገባው ነገር ቢኖር ሸለቆው በምን እንደተሞላ ነው። የተሞላው በወጣቶች እንቅልፍ ነው።

የእንቅልፍ ባለሙያዎች ከ14 እስከ 17 ዓመት ላለ ወጣት የሚመክሩት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛትን ነው። ልጅቱ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አሸልባ፣ ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ ነቅታ፣ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ብትተኛ በድምሩ 5 ሰዓት፣ ያውም የተቆራረጠ እንቅልፍ አገኘች ማለት ነው። ከዝቅተኛው ልክ በየሌሊቱ 3 ሰዓት፣ በአምስት የትምህርት ቀናት 15 ሰዓት ይጐድልባታል። በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ታንቀላፋለች፤ ያልገባትን በሌሊት ለማካካስ ደግሞ ጥቅል ትገዛለች። ሲመሽ ወደ ዐይን የሚገባው የስክሪን ብርሃን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን የተባለ ቅመም እንደሚያዘገይ የታወቀ ነው። የተከፋ ሰው እንቅልፍ እንደሚያጣ፣ እንቅልፍ ያጣም ሰው እንደሚከፋ ለማወቅ ግን ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ስለ ማኅበራዊ መገናኛና ስለ ወጣቶች መንፈስ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ ስለሚታየው ነገር ብቻ ይሆናል። የሚታይበት ሰዓት ከሚታየው ነገር ባላነሰ ሊያከራክር ይገባው ነበር።

ስለሚታየው ነገርም ቢሆን መሐንዲስ የሚለው አያጣም። ከሮቤ በስተ ምዕራብ በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው የመልካ ዋከና የኀይል ማመንጫ 153 ሜጋዋት ኀይል የማመንጨት አቅም አለው። ተርባይኖቹ የሚሽከረከሩት አውታሩ በሴኮንድ 50 ዑደት እንዲጠብቅ ነው። ሕዝቡ መብራቱን አጥፍቶ ጭነቱ ሲቀንስ ማሽኑ ፍጥነት መጨመር ይጀምራል፤ ገቨርነር የሚባለው ተቆጣጣሪ ይህንን ወዲያው ተረድቶ የውሃውን በር ይዘጋል። ፍጥነት ሲበዛ ውሃ ይቀነሳል፤ ፍጥነት ሲያንስ ውሃ ይጨመራል። ይህ ተቆጣጣሪ ባይኖር ማሽኑ ራሱን በራሱ እስኪያፈርስ ድረስ ይሮጣል። አሁን ተቆጣጣሪው በተገላቢጦሽ ተሠርቶ፣ ማሽኑ በፈጠነ ቁጥር በሩን የሚከፍት ቢሆን ምን እንደሚደርስ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የማይገምት የለም።

በቲክቶክ፣ በፌስቡክና በመሰሎቻቸው ላይ ለተጠቃሚው ቪዲዮ የሚመርጥለት ሥርዐት የተሠራው በዚህ በተገላቢጦሹ መንገድ ነው። ጣት በየትኛው ምስል ላይ ስንት ሴኮንድ እንደቆመ ይቈጥራል፤ ከቆመበት ዐይነት ይጨምራል። ልጅቱ ከዓረብ አገር ወርቅ አድርጋ በተመለሰች ሴት ቪዲዮ ላይ ጥቂት ብትቆይ ቀጥሎ የሚመጡላት ዐሥር ወርቆች ናቸው፤ በጉዞው ላይ የጠፉት፣ ደመወዛቸውን የተከለከሉት ቪዲዮ አያነሡምና አይመጡላትም። ስለ መልኳ ተጨንቃ አንድ የተወለወለ ፊት አተኩራ ብታይ መቶ የተወለወሉ ፊቶች ይደረደሩላታል። የፌስቡክ ኩባንያ ራሱ ባደረገውና እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ዎል ስትሪት ጆርናል ባወጣው የውስጥ ጥናት፣ ከመቶ 32 የሚሆኑ ልጃገረዶች ስለ ሰውነታቸው በተከፉበት ጊዜ ኢንስታግራም ይበልጥ እንዳስከፋቸው ተናግረዋል። የተጠየቁት የባሌ ልጆች አይደሉም። ቢሆንም ሥርዐቱ ያው አንድ ሥርዐት ነው፤ ለሮቤ ተብሎ የተለየ በር አልተበጀለትም።

ከዚህ ሌላ ዝርዝሩ መጨረሻ የለውም። መጽሐፍ ገጽ አለው፤ ጋዜጣ የመጨረሻ ዓምድ አለው፤ የሬዲዮ ጣቢያም ቀድሞ ሌሊት ሲሆን ተሰናብቶ ይዘጋ ነበር። ወደ ታች በተሳበ ቁጥር የሚቀጥለውን ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 የፈለሰፈው አሜሪካዊው አዛ ራስኪን በፈጠራው መጸጸቱን በይፋ ተናግሯል። ባለሙያ በሠራው ሥራ በአደባባይ ሲጸጸት መስማት ያልተለመደ ስለሆነ ሊታሰብበት ይገባል።

ተቆጣጣሪ የሌለው ነገር ከግለሰብ አልፎ ከተማን ሊነካ እንደሚችል ባሌ በሚያሳዝን ሁኔታ ዐይቷል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሌሊት በፌስቡክ የተጻፈ መልእክት ሳይነጋ በየከተማው ተዳረሰ፤ በቀጠሉት ቀናት 86 ሰዎች መሞታቸውን መንግሥት አስታወቀ፤ ባሌ ሮቤም የመከላከያ ሠራዊት ከተሰማራባቸው ሥፍራዎች አንዷ ሆነች። ለዚያ ሁሉ ሞት ምክንያቱ ስልክ ነው ማለት ግፍ ነው፤ ቂሙና ጥያቄው ከስልኩ በፊት የነበረ ነው። ሆኖም ቀድሞ ሳምንት ይፈጅ የነበረው ወሬ በአንድ ሌሊት ሲደርስ፣ ሽማግሌ የሚያስታርቅበት ጊዜ እንደሚጠፋ አያጠያይቅም።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ማጥፋት ነበር። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ጠፍቶ ቆየ። ነገር ግን በተቋረጠበት በዚያው ሳምንት ባሌን ጨምሮ በኦሮሚያ በብዙ ሥፍራ ሁከት ተነሥቶ 123 ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ዘግቧል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ሲታገዱ ወጣቱ ቪፒኤን መጠቀምን ተማረ። በኤሌክትሪክ ሥራ ቋንቋ ቢነገር፣ ይህ ፊውዝ እንጂ ተቆጣጣሪ አይደለም። ፊውዝ የሚያስፈልግበት ሰዓት ይኖራል፤ ነገር ግን በፊውዝ የሚተዳደር ፋብሪካ አይኖርም፤ ከእሳቱ ጋር መብራቱንም ያጠፋልና። የጋሠራዋ ልጅ በእነዚያ ሳምንታት እንቅልፍ አግኝታ ይሆናል፤ የእናቷ ገንዘብና የፊዚክሱ ማስታወሻ ግን አብረው ተቋርጠዋል።

በዕድሜ መከልከልም የተሻለ መንገድ አይመስልም። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ መገናኛ መለያ እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ አውጥታ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2025 ጀምሮ ተግባራዊ አድርጋለች። ሲም ካርዱ በአባት ስም በተመዘገበበት፣ ስልኩ በታላቅ ወንድምና በታናሽ እኅት መካከል በሚመላለስበት አገር ግን የባለ ስልኩን ዕድሜ ማን ይለየዋል?

ስለሆነም ወደ መጀመሪያው ተቃውሞ መመለስ ያስፈልጋል። ጉዳዩ የሐኪምና የመምህር ነው የሚለው አባባል የማይጸናው፣ ሐኪምም ሆነ መምህር የማይደርስበት አንድ ቁልፍ በመሐንዲሶች እጅ ስለሚገኝ ነው። ቪዲዮ የሚመርጠው ሥርዐት የሚሠራው ከባሕር ማዶ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከሮቤም እጅ ይርቃል። የሌሊቱን ዋጋ የሚተምነው ሠንጠረዥ ግን የሚዘጋጀው በአገር ውስጥ ነው፤ የጭነቱን መስመር የሚያጠኑትም የዚህ ማኅበር አባላት ከተመረቁበት ትምህርት ቤት የወጡ ባለሙያዎች ናቸው። ርካሹን ሰዓት ለተማሪዎች ከእኩለ ሌሊት ወደ ማለዳ ማዛወር ይቻላል፤ የባሌ ገበሬ ልጅ ገና ሳይነጋ መነሣትን ከሕፃንነቷ ለምዳዋለች፤ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይም አውታሩ ያን ያህል አልተጨናነቀም። ድርጅቱ የሚያጣው ገቢ ካለ ይሰላ፤ ለመስላት የሚከብድ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ቀላል ነው። ካይዊክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም አማካይነት ዊኪፔዲያንና ብዙ የትምህርት ጽሑፎችን ያለ ኢንተርኔት በአንዲት መዳፍ በምታህል ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጦ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች በገመድ አልባ መንገድ ማደል ይቻላል። ቲክቶክ የለባትም፤ የምትፈጀው ኤሌክትሪክ ከአንድ አምፑል አይበልጥም። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ብትቀመጥ ማስታወሻ ለማውረድ ተብሎ የሚገዛ የሌሊት ጥቅል ምክንያት ያጣል። ምክንያት ካጣ በኋላም የሚገዛ ይኖራል፤ እርሱ ቢያንስ ለምን እንደገዛ ራሱን አያታልልም።

የዋጋው ሠንጠረዥ በየጊዜው ይታደሳል። በሚቀጥለው እድሳት፣ የማማው አቅም፣ የባትሪው ዕድሜና የነዳጁ ወጪ ከሚጻፉባቸው መስመሮች በታች፣ ከጋሠራ የመጣችው ልጅ የምትተኛበት ሰዓት አንድ መስመር እንዲሰጠው ጉባኤው ይጠየቃል።